ጆሴፍ ፉርዬ፦ ሙቀትን ሲያጠና ለቴሌቪዥን መንገድ የጠረገው ሊቅ

ኩዌት ሜዳማ አገር ናት። የማሠራጫ ጣቢያ ሞገድ ተራራ ሳይከልለው ከባሕሩ ዳርቻ ወደ በረሃው ይዘረጋል። ይሁን እንጂ ከተማዋና ዙሪያዋ በፎቅ የተሞሉ ናቸው። በሳልሚያ፣ በሐወሊ፣ በፈርዋኒያና በመህቡላ የቆሙት የኮንክሪትና የመስተዋት ሕንጻዎች የሚመታቸውን ሞገድ እንደ ገደል ማሚቶ መልሰው ይሰዱታል። ስለዚህ በአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ወደ ተተከለ አንቴና አንዱ ሞገድ በቀጥታ፣ ሌላው ከአንድ ግንብ ተላትሞ፣ ሦስተኛውም ከሌላ ግንብ ተመልሶ ጥቂት እየዘገየ ይደርሳል።

የኩዌት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1961 ሥራውን ሲጀምር፣ በዚያ የአናሎግ ዘመን፣ እንዲህ ያለው ማሚቶ በስክሪን ላይ በዓይን ይታይ ነበር። ከዜና አንባቢው ጎን ጥላ የመሰለ ሁለተኛ ፊት ይቆማል። አንዱ የቤቱ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሲያዞር፣ ሌላው ምስሉ መጥራቱንና አለመጥራቱን ከታች ሆኖ እየጮኸ ይነግረዋል። ዛሬ ሕንጻው በዝቷል፤ ከሕንጻው ጋር ማሚቶውም በዝቷል። በዲጂታል ስርጭት ግን ያ ጥላ ጠፍቷል። ምክንያቱን ስንመረምር፣ ቴሌቪዥን ቀርቶ የኤሌክትሪክ አምፖል እንኳ በቤቱ ሳያበራ በ1830 ወደ ሞተ አንድ ፈረንሳዊ እንደርሳለን። እርሱም ጆሴፍ ፉርዬ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፉርዬ የተወለደው ማርች 21 ቀን 1768 ኦሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤቱም በልጆች የተሞላ ነበር። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ በዓመቱ አባቱ ተከተላት። የቲም የሆነውን ብላቴና የከተማው ሰዎች መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት ወታደራዊ ትምህርት ቤት አስገቡት። በዚያም ሒሳብ ልቡን ሳበው። ሌሎች ሲተኙ የሻማ ቁራጮችን እየለቃቀመ፣ በእነርሱ ብርሃን ሌሊቱን ያጠና እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ።

ትምህርቱን ሲጨርስ የመድፈኛ ጦር መኮንን ለመሆን ጠየቀ። የመኳንንት ዘር ባለመሆኑ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ወደ ገዳም ገብቶ ለምንኩስና ሲዘጋጅ የ1789 አብዮት ፈነዳ፤ መሐላውን ሳይፈጽም ወጥቶ በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በአብዮቱ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ቢሠራም፣ ኦርሌያን በምትባል ከተማ በግፍ ለተከሰሱ ሰዎች በመቆሙ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ። በ1794 በጋ ታሰረ። በዚያ ወቅት መታሰር ማለት ከጊሎቲን ፊት መቅረብ ማለት ነበር። የሽብሩ መሪ ሮብስፒየር በዚያው ጁላይ ወር መጨረሻ ባይወድቅ ኖሮ ፉርዬ በ26 ዓመቱ ይጠፋ ነበር፤ ስሙን ዛሬ የሚያነሣ ሰው ባልኖረም።

ከእስር ወጥቶ በፓሪስ ከታላላቆቹ የሒሳብ ሊቃውንት ከላግራንዥ፣ ከላፕላስና ከሞንዥ ተማረ፤ ብዙም ሳይቆይ በፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የላግራንዥን ወንበር ተረከበ። በ1798 ደግሞ ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ይዟቸው ከሄዱት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ይህ የሕይወቱ ክፍል ለሙስሊም አንባቢ በሁለት ዓይን የሚታይ ነው። በአንድ በኩል ፉርዬ በካይሮ የተቋቋመው የግብጽ የምርምር ተቋም ጸሐፊ ነበር። የዘመኑ ግብጻዊ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረህማን አል-ጀበርቲ ያንን ቤት ጎብኝቶ፣ የመጻሕፍቱን ብዛትና የሊቃውንቱን ትጋት በአድናቆት መዝግቧል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት በኦክቶበር ካይሮ ስታምጽ የፈረንሳይ መድፍ የአዝሐርን አካባቢ ደብድቧል፤ ፈረሰኞችም ከነፈረሳቸው ወደ መስጊዱ ገብተዋል፤ ይህንንም አል-ጀበርቲ በምሬት ጽፎታል። በ1800 የጦሩ አዛዥ ክሌበር የሐለቡ ተወላጅ ሱለይማን አል-ሐለቢ በወጋው ጊዜ፣ በቀብሩ ላይ ንግግር ያደረገው ፉርዬ ነበር። ሊቁ የወራሪው ጦር አገልጋይም ነበር፤ ታሪኩን ስንናገር አንዱን አንስተን ሌላውን መደበቅ አይገባም።

በ1801 ወደ አገሩ ሲመለስ ማስተማሩን ሊቀጥል ቢፈልግም፣ ናፖሊዮን መቀመጫው ግሬኖብል በሆነ አውራጃ ላይ አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው። በሹመቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የወባ መፈልፈያ የነበረውን የቡርጉዋን ረግረግ አስደረቀ፤ ለዚህም ከየመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጦ አንድ በአንድ አስማማ። ከግሬኖብል ወደ ቱሪን የሚወስደውን ተራራማ መንገድም አስጀመረ። ከግብጽ ያመጣቸውን ጽሑፎች ካዩት መካከል ሻምፖሊዮን የተባለ ብላቴና ይገኝ ነበር፤ ይህ ልጅ አድጎ በ1822 የጥንቱን የግብጽ ጽሕፈት ምስጢር ፈታ።

አስተዳዳሪው ማታ ማታ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበረው። ሙቀት በብረት፣ በድንጋይና በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያጠና ነበር። ከግብጽ ከተመለሰ በኋላ ብርድ አይችልም ነበር፤ በበጋ እንኳ ቤቱን እያስሞቀ በወፍራም ልብስ ይጠቀለል እንደነበር ይነገራል። ጥያቄው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጁላይ 21 ቀን 2016 በኩዌት ምጥሪባ 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቷል። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ፣ ከመግሪብም አልፎ የቤቱ ግድግዳ ሙቀት መትፋቱን የማያውቅ የዚህ አገር ነዋሪ የለም። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት በስንት ሰዓት ወደ ውስጥ እንደሚያስተላልፍ የሚያሰላው ሒሳብ የፉርዬ ነው።

ይህን ለማስላት ሲሞክር አንድ ደፋር ሐሳብ ላይ ደረሰ። ማንኛውም ሞገድ፣ የቱንም ያህል ሸካራና ውስብስብ ቢሆን፣ እኩል በሆነ ስልት ወደ ላይና ወደ ታች በሚሉ ብዙ ለስላሳ ሞገዶች ድምር ሊገለጽ ይችላል፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ፣ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ነው። ድምሩን ወደ ክፍሎቹ መበተን፣ ክፍሎቹንም መልሶ መደመር ይቻላል። በዲሴምበር 1807 ጽሑፉን ለፓሪስ ሊቃውንት አቀረበ። ከመርማሪዎቹ አንዱ የሆነው የቀድሞ መምህሩ ላግራንዥ ሐሳቡን አልተቀበለም፤ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ተቋሙ በዚሁ ርዕስ ላይ ውድድር ባወጣ ጊዜ ፉርዬ በ1811 ሥራውን አስፋፍቶ አቀረበ። ሽልማቱን ሰጡት፤ ሆኖም ማስረጃው የሚፈለገው ጥብቅነት ይጎድለዋል የሚል ነቀፋ አክለውበት አሁንም ሳያትሙት ቀሩ። ነቀፋው ፍጹም ከንቱ አልነበረም፤ የጎደለውን ለመሙላት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

የናፖሊዮን መንግሥት በ1815 ሲወድቅ ፉርዬ ሹመቱንም ገቢውንም አጣ። የቀድሞ ተማሪው በፓሪስ የስታቲስቲክስ ቢሮ ውስጥ ሥራ ሰጥቶ ከችግር አወጣው። በ1816 ለሳይንስ አካዳሚ አባልነት ሲመረጥ ንጉሡ ምርጫውን ሻረ፤ በማግሥቱ ዓመት እንደገና ተመርጦ ገባ። የሙቀትን ትንታኔ የያዘው መጽሐፉ በመጨረሻ በ1822 ታተመ፤ ከመጀመሪያው ጽሑፉ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1824 ደግሞ አየራችን የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ የምድርን ሙቀት እንደሚይዝ በመግለጽ፣ ዛሬ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ለሚደረገው ጥናት መነሻ ጣለ። የልብ ሕመም ጸንቶበት ሜይ 16 ቀን 1830 በፓሪስ አረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

ሒሳቡ ግን አልሞተም። በ1965 ኩሊና ቱኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን የመበተን ስሌት ኮምፒውተር በፍጥነት የሚሠራበትን ዘዴ አሳተሙ። በ1971 ዋይንስታይንና ኤበርት የተባሉ ባለሙያዎች ስሌቱን በመጠቀም መልእክትን በብዙ ሞገዶች ላይ ከፋፍሎ መላክ እንደሚቻል አሳዩ። አውሮፓውያን ለምድር ቴሌቪዥን ያወጡት ዲቪቢ-ቲ የተባለው ደረጃና ተተኪው ዲቪቢ-ቲ2 የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። በ2006 በጄኔቭ የተደረገው ስምምነት አውሮፓን፣ አፍሪካንና የዓረብ አገሮችን ጨምሮ አናሎግን በዲጂታል የመተካቱን ሂደት የመራ ሲሆን፣ ለአብዛኛው የቴሌቪዥን ስርጭት ጁን 17 ቀን 2015ን የሽግግር መዝጊያ ቀን አድርጎ ነበር።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንመልከተው። ከስቱዲዮ የሚወጣው ምስልና ድምፅ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ የማይለዋወጠው የምስሉ ክፍል በየቅጽበቱ እንዳይደገም ተደርጎም ይጨመቃል። ቀጥሎ የበርካታ ቻናሎች ቁጥሮች በአንድ ፈሰስ ውስጥ ይጣመራሉ። በአናሎግ ዘመን አንድ ቻናል ብቻ ይይዝ የነበረው ፍሪኩዌንሲ ዛሬ ብዙ ቻናሎችን የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በመንገድ የሚጠፋውን ቁጥር ተቀባዩ መልሶ ማስላት እንዲችል መጠባበቂያ ቁጥሮች ይጨመራሉ።

ከዚህ በኋላ የፉርዬ ሥራ ይመጣል። የአፋርን ጨው ጫኝ ግመሎች እናስብ። ጭነቱን ሁሉ በአንድ ፈጣን በቅሎ ላይ ብናደርግና በቅሎዋ ብትደናቀፍ፣ ሁሉም ይፈስሳል። በሺህ ግመሎች ላይ ጥቂት ጥቂት አካፍለን በዝግታ ብንነዳቸው ግን፣ ጥቂቶቹ ቢወድቁም የቀሩት ይደርሳሉ። ማሠራጫውም እንዲሁ ያደርጋል። ፈሰሱን በዲቪቢ-ቲ አንዱ አሠራር 6,817 በሚሆኑ፣ በዲቪቢ-ቲ2 ደግሞ ከ27 ሺህ በላይ ሊደርሱ በሚችሉ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ያከፋፍላል። የፉርዬን ስሌት ወደ ኋላ በመሥራት ሁሉንም ደምሮ አንድ ሞገድ ያደርጋቸዋል፤ አጉልቶም ከማማው ይለቀዋል። በቤታችን ያለው ሪሲቨር ስሌቱን ወደ ፊት ሠርቶ ድምሩን መልሶ ይበትናል፤ ከየሞገዱም የተጫነውን ቁጥር ያነሣል።

የማሚቶው ነገርም የሚፈታው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ቀጭን ሞገድ በዝግታ ስለሚሠራ፣ አንዱ የመልእክት ክፍል 896 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ይቆያል። ከፊቱም እስከ 224 ማይክሮ ሴኮንድ የሚደርስ የጥበቃ ክፍተት ሊደረግለት ይችላል። ሞገድ በዚህ ጊዜ ውስጥ 67 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሳልሚያ ሕንጻ ተላትሞ የሚመጣው ማሚቶ የሚዘገየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በክፍተቱ ውስጥ ይደርሳል፤ ምስሉንም አያበላሽም። አናሎግን ያስቸገረው ግድግዳ ለዲጂታል አንዳንዴ ረዳት ይሆናል፤ ቀጥተኛው መንገድ በተዘጋበት ክፍል ማሚቶው ራሱ ምስሉን ያደርሳልና።

ዲጂታል ስርጭት የራሱ ጠባይ አለው። አናሎግ ሲዳከም ምስሉ ቀስ በቀስ እየነጣና እየደበዘዘ ይሄድ ነበር። ዲጂታል ግን መጠባበቂያ ቁጥሮቹ እስከበቁ ድረስ ምስሉን ጥርት አድርጎ ያቆየዋል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሰነጣጥቆ በድንገት ይቆማል። በመሆኑም ምስሉ ሲቆራረጥ አዲስ ሪሲቨር ከመግዛት በፊት የአንቴናውን አቅጣጫ፣ በፀሐይ የተሰነጠቀውን ኬብልና የዛገውን መጋጠሚያ ማየት ይበጃል። በባሕረ ሰላጤው በጋ ደግሞ ሞቃቱ ደረቅ አየር በእርጥቡ የባሕር አየር ላይ ሲያርፍ ሞገድ ወደ ሰማይ ከማምለጥ ታግዶ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። ከጥበቃው ክፍተት የበለጠ የዘገየ ወይም ከሌላ አገር የመጣ ሞገድ ስርጭቱን የሚረብሽበት ጊዜም ይኖራል።

የፉርዬ ስሌት በቴሌቪዥን ብቻ አልተወሰነም። በዋይፋይና በአራተኛው ትውልድ የሞባይል መረብ ውስጥም ይሠራል። በጁምዓ ዕረፍቱ ከፈርዋኒያ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጅማ በቪዲዮ ደውሎ የእናቱን ፊት የሚያይ ሰው፣ ሳያውቀው የዚያን የቲም ሒሳብ ይጠቀማል።

በ1889 በፓሪስ የተሠራው የአይፍል ማማ በመጀመሪያው ወለል ዙሪያ የ72 ፈረንሳውያን ሊቃውንትና መሐንዲሶች ስሞች ተጽፈውበታል። የፉርዬም ስም ከእነርሱ አንዱ ነው። ስሞቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቀለም ተሸፍነው ቆይተው በ1980ዎቹ እንደገና እንዲታዩ ተደርገዋል። ማማው ሲሠራ የማሠራጫ ጣቢያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ ግን ጫፉ ላይ ካሉት አንቴናዎች ለፓሪስና ለዙሪያዋ ዲጂታል ቴሌቪዥን ይለቀቃል፤ ሞገዱም በልብስ ሰፊው ልጅ ስሌት ተደምሮ ይወጣል፤ በየቤቱም በዚያው ስሌት ተበትኖ ይነበባል።