ከስልክ እስከ ወርቅ ፍለጋ፦ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ሠፈር ስሙን ያገኘው ሽቦ አልባው የቴሌግራፍ ጣቢያ በዚያ ተተክሎ ስለነበረ ነው። የሽቦውን ስልክ ቀድሞ የለመደው ሕዝብ መልእክት ያለ ሽቦ ሲመላለስ ባየ ጊዜ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አለው፤ ስሙም ጸንቶ ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። የሽቦውን ስልክ ፈልስፎ ለዓለም ያበረከተው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በዚሁ ሥራው ነው። ይሁን እንጂ በአሶሳ፣ በሻኪሶና በሌሎችም የወርቅ አካባቢዎች ባህላዊ አምራቾች ይዘውት ለሚዞሩት፣ በተለምዶ ዲቴክተር ለሚባለው የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ከቀደምት አባቶች አንዱ ይኸው ሰው መሆኑ እምብዛም አይነገርም።

ቤል የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1847 በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የንግግር መምህር ነበሩ። እናቱ ደግሞ የመስማት ኃይላቸው እጅግ የደከመ ስለነበረ ልጁ ገና ከሕፃንነቱ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚተላለፍ ሲመራመር አደገ። ሁለት ወንድሞቹ በ1867 እና በ1870 በሳንባ ነቀርሳ ተከታትለው ሞቱ። ወላጆቹም የቀረውን አንድ ልጃቸውን ለማትረፍ አገራቸውን ለቀው በ1870 ወደ ካናዳ ተሻገሩ።

በተከታዩ ዓመት ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች መምህር ሆነ። በኋላ በ1877 ያገባት ሜብል ሀባርድም በሕፃንነቷ በሕመም ምክንያት የመስማት ኃይሏን ያጣች ተማሪው ነበረች። በዚህ ረገድ የቤል ስም ሙሉ በሙሉ ከነቀፋ ነፃ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በከንፈር ንባብና በንግግር እንጂ በምልክት ቋንቋ መማር የለባቸውም ብሎ አጥብቆ ይከራከር ስለነበረ፣ በብዙ አገር ያሉ መስማት የተሳናቸው ዜጎች እስከ ዛሬ ቅር ይሰኙበታል። መካኒሳ ካለው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ልጆቹ በእጃቸው እንዴት አድርገው እንደሚጨዋወቱ ለተመለከተ ሰው፣ ቅሬታው ከምን እንደመነጨ ለመረዳት አያዳግትም።

የስልኩን ፈጠራ ባለመብትነት ያገኘው በማርች 7 ቀን 1876፣ ገና በ29 ዓመቱ ነበር። ስልኩ ወደ አገራችን ለመድረስም ብዙ አልዘገየም፤ የኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎት የተመሠረተው በ1894 ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው።

ለወርቅ ፈላጊው ይበልጥ የሚጠቅመው የቤል ታሪክ የተፈጸመው በ1881 ክረምት ነው። በጁላይ 2 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። አንደኛው ጥይት በጀርባቸው ገብቶ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። ኤክስሬይ ገና አልተገኘም ነበርና ሐኪሞች ባልታጠበ ጣትና ባልተቀቀለ መሣሪያ ቁስሉን እየጎረጎሩ ጥይቱን ፍለጋ ያዙ። ቤል ይህን ሲሰማ ሰውነት ሳይቀደድ ብረት ያለበትን ቦታ በድምፅ ለማወቅ ይቻላል በማለት ከረዳቱ ከሰምነር ቴይንተር ጋር ሌት ተቀን መሥራት ጀመረ።

የተነሣበት መሣሪያ የኢንዳክሽን ሚዛን ይባላል። በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ሂውዝ የተባለው ተመራማሪ በ1879 በዚሁ ሐሳብ ላይ ሠርቶ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት የሽቦ ጥቅሎች በከፊል ይነባበራሉ፤ በአንደኛው ውስጥ እየተቆራረጠ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ ሁለተኛው ከስልክ ማዳመጫ ጋር ይያያዛል። የሁለቱ አቀማመጥ በትክክል ሲመጣጠን የአንዱ ኃይል በሌላው ላይ የሚያደርሰው ውጤት ይጣፋና ማዳመጫው ጸጥ ይላል። ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ሲቀርበው ግን ሚዛኑ ይፋለስና ድምፅ ይሰማል። ቤል መሣሪያውን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ በሰውነታቸው ውስጥ ጥይት በቀረባቸው ወታደሮች ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤት አገኘ።

በጁላይ 26 ቀን ከፕሬዚዳንቱ አልጋ አጠገብ በቆመ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንደኛው ክፍል በተሳሳተ መንገድ ተያይዞ ስለነበረ ማዳመጫው ይንጫጫ ጀመር። ቤል አስተካክሎት በኦገስት 1 ቀን ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ደከም ያለ ድምፅ ሰማ፤ ድምፁ ግን በአንድ ነጥብ ላይ የሚቆም ሳይሆን በሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋ ነበር። ኋላ ሲጠየቅ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ ከሥሩ ሌላ የብረት ሽቦ መረብ ያለበት ፍራሽ እንደነበረው ታወቀ።

ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በዚህ ሽቦ ላይ ይጭናሉ። ቤል ራሱ ግን ተመሳሳይ ፍራሽ አግኝቶ ከመረመረ በኋላ ሽቦው ይህን ያህል ጉዳት አላደረሰም ወደሚለው አስተያየት አዘነበለ። ደግሞም ዋናው ሐኪም ዶክተር ብሊስ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው የሚል የጸና እምነት ስለነበራቸው ፍለጋው በዚያው ወገን ተወሰነ። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር 19 ቀን ሞቱ። ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል በጥልቀት ተቀብሮ ተገኘ፤ ለሞት ያደረሳቸውም በዋናነት ከቁስሉ የተነሣው ብክለት መሆኑ ኋላ ታመነበት። በዚያው ኦገስት ወር ቤል አዲስ የተወለደ ወንድ ልጁን በመተንፈሻ ችግር አጣ። ከዚህ ሐዘን በኋላ መተንፈስ ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚረዳ መሣሪያ ወደ መንደፍ ዞረ። ቤል የሞተው በኦገስት 2 ቀን 1922 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ነው።

በሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋው ያ ደካማ ድምፅ ዲቴክተር ይዞ ቀይ አፈር ላይ የወጣ ሁሉ የሚያውቀው ነው። መሣሪያውን ወደ ሜዳ ያወጣው ጀርመን ተወልዶ በካሊፎርኒያ የሠራው የራዲዮ መሐንዲስ ጌርሃርድ ፊሸር ሲሆን፣ ማዕድን ያለበት መሬት የአውሮፕላን አቅጣጫ ጠቋሚ ራዲዮን ሲያሳስት አይቶ የሠራውን መፈለጊያ በ1937 የባለመብትነት ማረጋገጫ አገኘበት። እዚህ ላይ ንፋስ ስልክን የወለደው ያው ሽቦ አልባ ሞገድ ለወርቅ ፍለጋም መዋሉን ልብ ይሏል።

መሣሪያው ከክብ ራሱ የሚልከው መግነጢሳዊ ኃይል በወርቅ ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሣል፤ ጅረቱም ምልክት ይመልሳል። ዳሩ ግን ምልክት የሚመልሰው ወርቅ ብቻ አይደለም። በቀይ አፈር ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን፣ አምራቾች ወርቅ ሲያጥቡ በገበቴው ግርጌ የሚቀረው ጥቁር አሸዋም ይመልሳሉ፤ ይህም ብዙ ጊዜ የአንዲት ቅንጣት ወርቅ ድምፅ የሚውጥ ነው። ልዩነቱ በጊዜ ነው፤ የመሬቱ ምላሽ ከተላከው ኃይል ጋር እኩል ለመሄድ ይቀርባል፣ የወርቁ ግን ወደ ኋላ ይዘገያል። የመሬት ሚዛን ማስተካከል ማለት የመሬቱን ጊዜ ለመሣሪያው አስተዋውቆ ቸል እንዲለው ማድረግ ነው።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። በቅድሚያ አካባቢው ይፈተሽና ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ቆርኪ ወይም ሚስማር ባለበት ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ያንን ቆርኪ ከመሬት ቆጥሮት ወርቁንም ሊያልፈው ይችላል። ቀጥሎ የመሣሪያው ራስ መሬቱን ሊነካ እስኪል ዝቅ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከፍ እየተደረገ ይደመጣል። ሲወርድ ድምፁ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ፣ ሲወርድም ሲወጣም አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ማስተካከያው በትንሽ በትንሹ ይዞራል። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያም ቢሆን ይህን የማውረድና የማንሣት ሥራ ይፈልጋል።

ከከተማ ገዝቶ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላፍቶና የጀሞ መሬት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ይህ ድንጋይ መግነጢስነት ስላለው በዚያ የተስተካከለው ሚዛን ለሻኪሶ ወይም ለአሶሳ አይሆንም። በአንድ ወንዝ ዳር እንኳ ቢሆን ከጥቁሩ አሸዋ ወደ ቀዩ ተዳፋት ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መሣሪያውን አቁሞ ሚዛኑን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለአፈሩ ጩኸት ይሆናል።