የመስቀል በዓልና ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ የምትገኘው ሞላሌ፣ እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ መስከረም 17 ቀን የሚውለውን የመስቀል በዓል በደመራና በአደይ አበባ ታከብራለች። ደመራው ንግሥት እሌኒ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የክርስቶስን መስቀል በዕጣን ጢስ ተመርተው ማግኘታቸውን የሚያስታውስ ነው። መስቀሉን ከኢትዮጵያ ጋር በማስተሳሰር ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ደግሞ ከሞላሌ በስተደቡብ በምትገኘው ደብረ ብርሃን መናገሻቸውን ያደረጉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው።

የዐፄ ዳዊት ልጅ የሆኑት ዘርዓ ያዕቆብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1399 ተወልደው ከ1434 እስከ 1468 ነግሠዋል። ወደ ዙፋን የመጡት የነገሥታት ልጆች በሥልጣን እንዳይሻኮቱ በግዞት ከሚጠበቁባት ከአምባ ግሸን ወርደው ነበር። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ አባታቸው ከግብፅ የተቀበሉትን ግማደ መስቀል ያሳረፉት በዚያችው የመስቀል ቅርጽ ባላት አምባ ላይ ነው። የግዞት ስፍራ የነበረችው ግሸን መስከረም 21 ቀን ምዕመናን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉባት ደብር የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰማይ የታየን ብርሃን በጎ ምልክት አድርገው በመቀበል ደብረ ብርሃንን ቆርቁረዋል። 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙ ሲሆን፣ መጽሐፈ ብርሃንን የመሳሰሉ ድርሳናትም በስማቸው ይታወቃሉ። በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተካሄደው ጉባኤም ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ በማስወሰን ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ጋር የነበረውን የቆየ ክርክር በስምምነት ፈትተዋል።

ይሁን እንጂ ዘመናቸው የጭካኔም ዘመን ነበር። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው፣ ለመስቀልና ለእመቤታችንም አይሰግዱም ተብለው በመከሰሳቸው ግርፋት፣ ስደትና ሞት ደርሶባቸዋል። በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የንጉሡ ልጆች እንኳ ከቅጣት አላመለጡም።

የሁለቱ እርምጃዎች ውጤት ግን የተለያየ ነው። በደብረ ምጥማቅ በምክክር የተደረሰበት ውሳኔ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬም ጸንቶ ይገኛል። በኃይል ሊደመሰስ የታሰበው የደቂቀ እስጢፋኖስ እንቅስቃሴ ግን ንጉሡ ካለፉ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል።

የመስቀል በዓል በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የበዓሉ ታሪክ በተወሳ ቁጥር የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሁለቱም ገጽታው አብሮ የሚታወስ ይሆናል።