አፓርታይድን ከሜዳ ያስወጡት ግብ አዳኝ

በ365 ጨዋታ 318 ጎል! ዛሬ አንድ አጥቂ ይህን ቁጥር ይዞ ብቅ ቢል የዝውውር ወሬው ለወራት አያልቅም። ይድነቃቸው ተሰማ ግን ዝውውር የሚባል ነገር አያውቁም። ለ23 ዓመታት የለበሱት የክለብ ማሊያ አንድ ብቻ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ።

ይድነቃቸው የተወለዱት በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው የአማርኛ ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ነው። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም ሲመሰረት ገና የ14 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ።

ያ ዓመት ሳያልቅ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ ሐበሻና ነጭ አብረው እንዳይጫወቱ ከለከሉ። የሐበሻ ቡድኖች ለብቻቸው ተደርገው የጊዮርጊስ ስም እንኳ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ ተቀየረ። ይድነቃቸው በቆዳ ቀለም መለየትን ያዩት በገዛ አገራቸው ሜዳ ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ በአንድ በኩል ጎል እያገቡ፣ በሌላ በኩል የኢትዮጵያን እግር ኳስ ከሚያደራጁት ግንባር ቀደም ሆኑ። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ትልቁ ግጥሚያ ግን የተደረገው በስብሰባ አዳራሽ ነው። በ1949 ዓ.ም የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ካፍን ሊመሰርቱ ተገናኙ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው እንዲህማ አይሆንም ብለው በሩን ዘጉባት። የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚዋ የቀረባት ኢትዮጵያ በቀጥታ ለዋንጫ አለፈች። ለዋንጫ ማለፉ ግን አልበጃትም። ግብፆች 4 ለ 0 ሸኟት፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነበር።

ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ነው። በይድነቃቸው የሚመራው ቡድን ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 1 ተመርቶ ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግስቱ ወርቁ ደገሙ። 4 ለ 2! ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች።

ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ የዓለም ዋንጫ ቦታ እንኳ ሲነፍግ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሩ እ.ኤ.አ የ1966ቱን ውድድር እንዲተው አደረጉ። አድማው ሰራ። ለ1970ው ቦታው ተሰጠ፤ ሞሮኮም ገባችበት።

በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። ሁሉንም ግን አላሸነፉም። የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መኮብለሉ ያንገበግባቸው ነበር። አንድ አገር በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ ውጭ የሚጫወቱ ልጆች እንዳያሰልፍ የሚለው ደንብ ከ1965 እስከ 1982 እ.ኤ.አ ቢጸናም መጨረሻው መሻር ሆነ። አውሮፓን ያጥለቀለቁትን የዛሬዎቹን አፍሪካውያን ኮከቦች ላየ ያ ጎርፍ በደንብ የሚገደብ አልነበረም።

በአፓርታይድ ላይ ግን ንቅንቅ አላሉም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1968 ዓ.ም ሲያባርር የእሳቸው የረጅም ጊዜ ትግል ፍሬ አፈራ። ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ።

ከዘጠኝ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በ1988 ዓ.ም፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የደቡብ አፍሪካ ቡድን ጆሃንስበርግ ላይ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈ። ነጩ አምበል ኒል ቶቪ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ ኔልሰን ማንዴላ አጠገቡ ነበሩ። ካርቱም ላይ አይሆንም የተባለው ቡድን ይኸው ነበር።