ከመንግሥቱና ከሉቻኖ ማን ይበልጣል?

የድሮ ኳስ ሲነሳ አንድ ክርክር አይቀርም። ገሚሱ ሉቻኖ ቫሳሎ ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ። ዛሬ የፈረሰኞቹን አጥቂ የመንግሥቱን ታሪክ እናውጋችሁና ፍርዱን ለእናንተ እንተው።

ግብፅ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ሁለቱንም ጊዜ ኢትዮጵያን 4ለ0 ሸኝታለች። ሦስተኛው ዋንጫ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4ለ2 ስናሸንፍ ሁለቱ ጎሎች የመንግሥቱ ነበሩ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ፍጻሜው ከዚያችው ግብፅ ጋር ሆነ። በዳዊ ሁለት ጊዜ ቢያስቆጥርም ግርማ ተክሌና ሉቻኖ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን ጨመረ። 117ኛው ደቂቃ ላይ መንግሥቱ ነገሩን ዘጋው፤ 4ለ2! መንግሥቱ በ3 ጎል ከበዳዊ ጋር እኩል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ። ሉቻኖ ካፒቴን ነበር፤ ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ያገባው ግን 8 ሲሆን የመንግሥቱ 10 ነው። በርግጥ ሉቻኖ ከመሀል እየተነሳ ነው 8 ያደረሰው፣ ይሄም ቀላል አይደለም። በአህጉር ደረጃ ደግሞ አይቮሪኮስታዊው ሎራን ፖኩ ሁለቱንም ያስከነዳል፤ በሁለት ዋንጫ ብቻ 14 ጎል! ከነዚህ 5ቱን በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ያገባው እኛው ላይ ነው።

ለኛ ግን ጎል ከተባለ መንግሥቱ ይቀድማል።

ኳስ ግን ጨካኝ ናት። በ1974 ዓ.ም. መንግሥቱ ብሔራዊ ቡድኑን እያሰለጠነ ሊቢያ ሄደ። የጎል ንጉሡ ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ ለ31 ዓመት ጠፋች። መንግሥቱ መመለሷን ሳያይ በታህሳስ 2003 ዓ.ም. አረፈ።

ሁለት ዓመት ጠብቆ ቢሆን ኖሮ! ደቡብ አፍሪካ ላይ ዛምቢያን ገጥመን አዳነ ግርማ መረቡን ነካው። አዳነም እንደ መንግሥቱ የጊዮርጊስ ልጅ ነበር። ቀኑስ? ጥር 13፣ 2005 ዓ.ም.። ዋንጫው ከተበላ ልክ በ51ኛ ዓመቱ!