ሃይማኖት በኑሮ ሲገለጥ፦ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት እንደ ክፍል ውስጥ ትምህርት

መግቢያ

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በብዛት የሚነሣው ከዐድዋ ድልና ከአዲስ አበባ ቆርቋሪነት ጋር ነው። ሃይማኖታቸው ሲወሳ ኦርቶዶክሳዊት ክርስቲያን ነበሩ ከሚለው ስያሜ አልፎ የሚሄድ ማብራሪያ እምብዛም አይገኝም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የእቴጌይቱን እምነት ከስያሜው ይልቅ ከውሳኔያቸው ማንበብ፣ በዚያም ላይ ተመሥርቶ የግለሰቦች ሕይወት ለተማሪዎች ምን ሊያስተምር እንደሚችል ማመልከት ነው።

ጥያቄው ለየካ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች ሩቅ አይደለም። የእንጦጦ ተራራ ከበላያቸው ነው፤ በአንድ ክፍልም የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ድንጋጌው በክፍል ውስጥ መስበክን ይዘጋል እንጂ ሰዎች እንዴት አምነው እንደኖሩ ማጥናትን አይዘጋም። ሁለቱ ካልተለዩ መምህሩ ዝምታን ይመርጣል፤ በዝምታውም የታሪክ ሰዎች ውሳኔ ምክንያቱን ያጣል።

በእንግሊዝ የሃይማኖት ትምህርት ተመራማሪ የሆኑት ሮበርት ጃክሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ሃይማኖት በሦስት እርከን እንዲታይ ሐሳብ አቅርበዋል፦ ግለሰቡ፣ ግለሰቡ የሚገኝበት ቡድን፣ ቡድኑን ያቀፈው ሰፊ ትውፊት። አንዱ እርከን ሌላውን ያብራራል፤ አይተካውም። የእቴጌ ጣይቱ ሕይወት ቀጥሎ የሚቀርበው በዚህ ዓይን ነው።

ከደብረ መዊዕ እስከ አንኮበር

እቴጌ ጣይቱ በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ እንደተወለዱ ይገመታል። በአባታቸው በብጡል ኃይለ ማርያም በኩል ከሰሜን ገዥዎች ይወለዳሉ፤ የደጃዝማች ውቤም የወንድም ልጅ ናቸው። በዚያው በአባታቸው ወገን፣ በአያታቸው አማካይነት፣ ከየጁ መሳፍንት ጋር ይዛመዳሉ። የየጁ መሳፍንት ደግሞ መሠረታቸው ከሙስሊም ኦሮሞ ባላባቶች የሚመዘዝ፣ በኋላ ክርስትናን ተቀብለው ጎንደር ላይ የገዙ ናቸው። ስለዚህ በእቴጌይቱ የዘር ሐረግ ውስጥ ከአንድ በላይ እምነት አለ።

በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊዕ አካባቢ ተምረው አማርኛና ግእዝ ለማንበብ በቁ። ቅኔ ማወቃቸው፣ በገና መደርደራቸውና ሰንጠረዥ መጫወታቸው ይታወቃል። በዘመኑ ይህን ያህል የተማረች ሴት ብርቅ ነበረች። በገና በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ በመሆኑ፣ ትምህርታቸው ከንባብ አልፎ በጣትና በድምፅ የሚገለጥ ልማድ ነበር።

ከዳግማዊ ምኒልክ በፊት በሌሎች ትዳሮች አልፈዋል። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ከምኒልክ ጋር በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። በዘመኑ መኳንንት ዘንድ የተለመደው የሰማንያ ጋብቻ በስምምነት የሚፈርስ ሲሆን የቁርባን ጋብቻ ግን አይፈርስም። ቁርባኑ እምነትም ነበር፣ ዋስትናም ነበር፤ አንዱን ከሌላው መነጠል ድርጊቱን ያደበዝዘዋል።

የገቡበት የሸዋ ቤተ መንግሥትም በእምነት ረገድ ወጥ ታሪክ አልነበረውም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1870 ዓ.ም.፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወግዟል፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገድደዋል። ሰፊው ትውፊት ራሱ በክርክርና በኃይል ጭምር የተቀረጸ መሆኑን ተማሪ ሊያውቅ ይገባል።

እንጦጦና ፍል ውኃ

በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ፣ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁት ታላቅ ግብር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የምግብ ታሪክ አጥኚዎች ግብሩን የልዩ ልዩ አካባቢ የምግብ ባህል በአንድ ማእድ የተገናኘበት አድርገው ያዩታል። ይሁን እንጂ ማእድ ያቀራርባል፣ ይለያልም፤ በልማድ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። ይህ ድንበር ዛሬም በተማሪዎች የምሳ ዕቃ ውስጥ አለ። የጾምና የፍስክ፣ የዕርድና የማእድ ጉዳይ ከዶግማ ይልቅ ለልጆች ቅርብ የሆነው ለዚህ ነው።

በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ምኒልክ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ከብርዳማው ተራራ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ቤት እንዲሠራላቸው አድርገዋል፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለውታል። ስፍራው ግን ቀድሞም ስም ነበረው፦ ፊንፊኔ። በዙሪያውም የጉለሌና የኤካ ሰዎች፣ ሌሎችም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩ ነበር። በዋቄፈና እምነት ውኃና ተራራ ፈጣሪ የሚመሰገንባቸው ስፍራዎች ናቸው። ለእቴጌይቱ ደግሞ ተራራው የማርያም ደብር፣ ፍል ውኃው የሰውነት ፈውስ ነበር። የአንዱ መስፈር ለሌላው መፈናቀል ሆኗልና፣ መምህሩ የእቴጌይቱን አምልኮ ሲያስረዳ ቀድሞ የነበሩትን ሰዎች አተያይ ቢዘል ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል።

ከዐድዋ እስከ ምንኩስና መሰል ኑሮ

በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በመቀሌ የጠላት ምሽግ የሚጠጣበትን ውኃ የማስያዙ ዕቅድ የእሳቸው ነበር። የካቲት 23 ቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትና ካህናቱ ባሉበት፣ ሲጸልዩ፣ ተዋጊውን ሲያበረታቱ፣ ለቁስለኞችም ውኃ እንዲደርስ ሲያደርጉ ዋሉ። ጸሎቱና የጦር ስልቱ በአንድ ሰው፣ በአንድ ዘመቻ የተገኙ ናቸው። ድሉ በእምነት ነው ወይስ በስልት የሚል ጥያቄ ተማሪን እቴጌይቱ ራሳቸው ወዳልለዩት ክፍፍል ይመራዋል።

ከድሉ በኋላ በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት መተዳደሪያ የሚሆን ቤት አሠርተዋል። ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲታመሙ በአስታማሚነትም በገዥነትም ቆሙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ተመልሰው ቀሪ ዘመናቸውን በደብሩ አጠገብ አሳለፉ። ወደ ተራራው መውጣታቸው የፖለቲካ ሽንፈት ውጤት ነበር፤ የቀረው ዘመን ደግሞ የጸሎት ሆነ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አጽማቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ከምኒልክ አጠገብ ይገኛል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት ለክፍል የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ እምነታቸው ምን እንዲያደርጉ አደረጋቸው? በዚያው እምነት ውስጥ ያሉ ሌሎች ሰዎች በምን ይለያሉ? በዚያው ስፍራ በሌላ አተያይ ይኖር የነበረው ማን ነው? ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት ስለ ተጠኚው ሰው በመሆኑ ተማሪው የራሱን እምነት በክፍል ፊት እንዲናገር አይገደድም። በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው ሙዚየም የነገሥታቱን ቅርሶች ስለያዘ ለየካ ተማሪዎች የመስክ ጥናት ምቹ ነው። ጉብኝቱ ሙሉ የሚሆነው ግን በዚያው ሳምንት ሌላ የሕይወት ታሪክ፣ ለምሳሌ የአንድ ሙስሊም ሊቅ ወይም የአንድ የገዳ አባት ኑሮ፣ በእኩል ጥንቃቄ ሲጠና ነው። አንድ ሕይወት ብቻውን ከቀረበ፣ መምህሩ ባያስበውም፣ ትምህርቱ ወደ ስብከት ያዘነብላል።