የንግሥት ዘውዲቱ ኀዘንና መጽናናት

በምንጃርና በሸንኮራ አገር የሚኖር ሰው፣ በአረርቲ ከተማም የተቀመጠ ነጋዴ ወይም ተማሪ፣ ሕመም ሲጸናበት ወይም ኀዘን ሲከብደው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ በጠበሉ ይጠመቃል፤ ከሩቅ አገርም ስለዚሁ ነገር የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ነገር ግን ከተማሩት ጐልማሶች መካከል ይህን አይቶ፣ ጸሎት መድኃኒት መግዣ ያጣ የድኻ መጠጊያ ነው፣ ሀብትና ሥልጣን ላለው ሰው ግን አያስፈልገውም ብሎ በልቡ የሚያስብ አይታጣም። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለው አሳብ ወደ አንተም መጥቶ እንደ ሆነ፣ ሀብትም ሥልጣንም ሳይጐድልባቸው ከሕፃንነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኀዘን ያልተለያቸውን የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን ታሪክ አንብብ።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ፣ እናታቸውም ከወሎ መኳንንት ወገን የሆኑት ወይዘሮ አብቺው ናቸው። እናትና አባት ልጂቱ ነፍስ ሳታውቅ ስለ ተለያዩ፣ ዘውዲቱ ያደጉት በአባታቸው ቤት ነው።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ የዕርቅ መያዣ ነበረች። ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ከገበሩ በኋላ የሁለቱ ቤት ፍቅር እንዲጸና ተብሎ፣ ዘውዲቱ በ1875 ዓ.ም. ገና የሕፃንነት ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። በ1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ ሞቱና ዘውዲቱ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው መበለት ሆኑ። በዚያን ጊዜ በዐፄ ዮሐንስና በንጉሥ ምኒልክ መካከል ቅያሜ ገብቶ ጦር ሊማዘዙ ቀርበው ነበር። የባላጋራ ልጅ በመያዣነት ተይዛ ብትቀር፣ ወይም ባዶ እጅዋን ብትባረር፣ ማንም ባልተደነቀ። ዐፄ ዮሐንስ ግን ምራታቸውን ይወዱ ነበርና ብዙ ከብት ሰጥተው በክብር ወደ አባታቸው ሰደዷቸው። ከዚህም የዘውዲቱን ጠባይ መገመት ይቻላል፤ በተቃያየሙ ሁለት ቤቶች መካከል ቆሞ በሁለቱም መወደድ ለሸመገለ ሰው እንኳ ከባድ ነውና።

ወደ ሸዋ በተመለሱበት ዘመን ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ መጣ። የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ጥማድ ያጣ ገበሬም ማረስ ተሳነው፤ ሕዝቡም በየመንገዱ አለቀ። ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ዘውዲቱ በዚህ ሁሉ መካከል አደጉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ትዳር ያዙ፤ ሁለቱም ግን አልሰነበቱም። በ1893 ዓ.ም. ገደማ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። እኒህ ሰው ንባብ የሚወዱ ነበሩ፤ ከትዳራቸውም ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከረጅም ሕመም በኋላ ዐረፉ። ሞታቸው ግን ለሕዝብ አልተነገረም። አባት ለሞተባት ልጅ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አስብ፤ በአገራችን ልማድ ኀዘንተኛ የሚጽናናው ለቅሶ ተቀምጦ፣ ጎረቤት ከቦት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ኀዘን ግን በአደባባይ አልታወጀም። የእኅታቸው የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ መንግሥቱን ይዘው ነበርና ዘውዲቱን ለሥልጣናቸው ስለ ፈሯቸው ከቤተ መንግሥት አርቀው ወደ ፋሌ ሰደዷቸው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ጳጳሱ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ፤ ዘውዲቱንም ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ። ሕዝቡ እልል ሲል ሌላ ነገር በስውር ተቈርጦ ነበር። መኳንንቱ የእቴጌ ጣይቱ ወገን እንደ ገና ኀይል እንዳያገኝ ይፈሩ ስለ ነበር፣ ዘውዲቱ ከባላቸው እንዲለዩ ግድ ሆነባቸው። ራስ ጉግሣም የቤጌምድር ግዛት ተሰጥቷቸው ሄዱ። ሌላዋ ሴት ባልዋን በሞት ወይም በጠብ ታጣ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ያጡት በዙፋን ምክንያት ነው። ከእርሳቸው በኋላ የሚቆም ልጅም አልነበራቸውም።

ከዚህ በኋላ አንድ ወር እንደ ሆነ፣ ከምንጃር በስተሰሜን ምዕራብ በሸኖ አጠገብ ባለው በሰገሌ ሜዳ ጥቅምት 17 ቀን ታላቅ ውጊያ ሆነ። ሊወጋቸው የመጣው ባዕድ አልነበረም፤ የልጅ ኢያሱ አባት፣ የሟች እኅታቸው ባል፣ የእናታቸውም አገር የወሎ ገዥ ንጉሥ ሚካኤል ነበሩ። ሸዋ ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማርከው በአዲስ አበባ በንግሥቲቱ ፊት በሰንሰለት አለፉ። በዚያ ቀን የደስታው ነጋሪት ሲመታ፣ ከሁለቱም ወገን የሞተው ሰው ለእርሳቸው ዘመድ ነበረ።

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። በዓመቱ በዚያው ቀን፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ የእንጀራ እናታቸው እቴጌ ጣይቱ ዐረፉ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ወረርሽኙ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሬሳ በየቤቱ አደረ፤ አልጋ ወራሹም ታመው ዳኑ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የምናየው ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

ይህ ሁሉ በደረሰባቸው ጊዜ ንግሥቲቱ ወደ ጸሎት ቤት ገቡ። ጾምን አጥብቀው ይጾሙ፣ ካህናትንና ድኾችን ይረዱ፣ አብያተ ክርስቲያናትንም ያሠሩ ነበር። ከሁሉም የበለጠ የደከሙበት በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያሠሩት በዓታ ለማርያም ነው፤ ሞታቸው ተሰውሮ በግቢ የቆየው የአባታቸው ዐፅም በመጨረሻ በዚያ በክብር ዐረፈ። በስውር የተያዘው ልቅሶ በድንጋይና በኖራ ተገለጠ ብንል አናጋንንም።

አንዳንድ ሰዎች ግን ንግሥቲቱን ይነቅፋሉ። በጸሎት ተጠምደው የመንግሥቱን ሥራ ለሌላ ተዉ፣ አዲስ ነገርም በመጣ ጊዜ ከሚቃወሙት ጋር ቆሙ ይላሉ። ይህ ነቀፋ ከንቱ አይደለም። ጸሎታቸው ባላቸውን አልመለሰላቸውም፤ የመኳንንቱንም ሸንጎ አላሸነፈላቸውም። ይሁን እንጂ የሰው ጸሎት ምን እንዳደረገለት የሚታወቀው በጠላቱ ላይ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ነውና፣ ቀጥሎ ያለውን ተመልከት።

በ1913 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከብዙ መንከራተት በኋላ ተያዙ። ዘውዲቱን ከአባታቸው ቤት ያሳደዱ እርሳቸው ናቸው። በአገራችን ታሪክ የተሻረ ንጉሥ በአምባ ላይ መታሰሩ፣ ከዚያም የከፋ ነገር ሲደርስበት ማየት የተለመደ ነው። ንግሥቲቱ ግን የእኅቴ ልጅ ነው፣ በእኔ ዘንድ በግቢ ይቀመጥና ወደ ንስሓ ልመልሰው ብለው እንደ ለመኑ ይነገራል። ራስ ተፈሪና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለመንግሥት አደጋ ነው ብለው ፈጽመው እንቢ አሉ። በመንግሥት ዐይን ሲታይ እውነታቸውን ነው። ዘውዲቱም ፈቃዳቸውን ትተው እሺ አሉ፤ ነገር ግን ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ እጅ በፍቼ ታስረው ሳሉ የሚወዱት ምግብና ምቾት እንዳይጐድልባቸው ያስቡላቸው ነበር። በቀልን ለመተው ሥልጣን የሌለው ሰው ትዕግሥተኛ መባል ይቀልለዋል፤ እርሳቸው ግን አንዲት ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር።

በ1919 ዓ.ም. ከዘውዳቸው ጀምሮ ደጋፊ የነበሩት አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከታትለው ዐረፉ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ የንግሥቲቱም ሥልጣን በስም ብቻ ቀረ።

የመጨረሻው ኀዘን የመጣው ከቤጌምድር ነው። ራስ ጉግሣ በ1922 ዓ.ም. ጦር አንሥተው ወደ ደቡብ ተነሡ። ንግሥቲቱ ጦሩን ትተው እንዲመለሱ ደጋግመው አዘዟቸው፤ እርሳቸው ግን አልሰሙም። በንግሥቲቱ ስም የወጣው ዐዋጅ ከአውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ ተበተነ፤ ከዚያም ቦምብ ተጣለ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት በግድ የተለዩት ባል፣ የሚስታቸው ስም በተጻፈበት ወረቀት ዐመፀኛ ተባሉ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ጦር ሜዳ ወደቁ።

ወሩ ዐቢይ ጾም ነበረ። ንግሥቲቱም በብርቱ ታመው ተኝተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሕግዋ ሕመምተኛን ከጾም ነጻ እንደምታደርግ የታወቀ ነው፤ እኛም ታምሞ ለሚጾም ሰው ይህን እናስታውሰዋለን። የባላቸውን ሞት ሰምተው ደንግጠው ሞቱ የሚሉ አሉ፤ ሳይነገራቸው ዐረፉ የሚሉም አሉ። ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ከአንቺም ውጊያ በኋላ በሁለተኛው ቀን።

የተቀበሩትም ራሳቸው ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ነው። ዛሬም ከምንጃር ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ወደዚያ ቢሄድ፣ የአባታቸውን፣ የእቴጌ ጣይቱንና የእርሳቸውን መቃብር በአንድነት ያያል።