የባሪያዋ ልጅና ትልቁ ስሟ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ለልጆቻችሁ ስም ስታወጡ ምን አሰባችሁ? ጌታን ካገኘ በኋላ የቀድሞ ስሙን ይዞ መኖር የከበደው ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ስሙ ከባዕድ አምልኮ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚያፍርም አለ። ዛሬ የአንዲት አየርላንዳዊት ሴት ታሪክ ላካፍላችሁ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ብሪጅድ ጥንታዊ የአየርላንድ የሴት ልጅ ስም ነው። በአገሩ ቋንቋ ዛሬ ብሪድ ይሉታል። ትርጉሙም ከፍ ያለች ማለት ነው። ወንጌል ወደዚያች ደሴት ከመግባቱ በፊት ሕዝቡ ያመልካት የነበረች አንዲት ጣዖት በዚህ ስም ትጠራ ነበር። ባለቅኔዎች፣ ሐኪሞችና አንጥረኞች የእኛ ናት ይሏት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ450 አካባቢ ይህን ስም የተሸከመች ሕፃን ተወለደች። በትውፊት እንደሚነገረው አባቷ ባለ ርስት፣ እናቷ ግን ባሪያ ነበረች። እንግዲህ ከፍ ያለች የሚለው ስም የወጣው ለባሪያ ልጅ ነው! ብሪጅድ ካደገች በኋላ የቤቱን ወተትና ቅቤ ለድሆች ትሰጥ ስለነበር አባቷ ተማረረባትና ለንጉሥ ሊሸጣት ወሰዳት። እሱ ከንጉሡ ጋር ሲነጋገር እሷ በውጭ ሆና ሰይፉን ለአንድ ለምጻም ሰጠችው። ንጉሡም ይህን ባወቀ ጊዜ ለአባቷ ሌላ ሰይፍ ሰጥቶ ልጅቱን ከባርነት አዳናት ይባላል።

ይህ ታሪክ የተጻፈው ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደሆነ ልብ በሉ። ብዙ ተአምራት ተጨምረውበታል፤ በእርግጥ መኖሯን የሚጠራጠሩ ምሁራንም አሉ። በስሟ የተጠራው ገዳም ግን ነበረ። ኪልዴር በተባለው ስፍራ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ይኖሩበት ነበር። የስፍራው ስም የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት ኮጊቶሰስ የተባለ መነኩሴ ሕይወቷን ጽፎ፣ ኮንሌት የተባለውን ጳጳስ ወደዚያ የጠራችው እሷ እንደሆነች ተርኳል። ያረፈችው በ525 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል።

ወገኖቼ፣ እኛ ወደ ቅዱሳን አንጸልይም፤ አማላጃችን አንድ ነውና። ነገር ግን አንድ ነገር ተመልከቱ። ጣዖቲቱ የቀድሞ ታሪክ ሆና ቀርታለች፤ ለድሆች የምትራራው ሴት ግን እስከ ዛሬ ትታሰባለች። ከ2023 ጀምሮ አየርላንድ በስሟ ብሔራዊ በዓል ታከብራለች።

ስሙ የተዋረደበት ጊዜም ነበር። ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ ታላቅ ረሃብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲሞት አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ ተሰደደ። በአሜሪካ ከተሞች ብዙ አየርላንዳውያን ልጃገረዶች የቤት ሠራተኞች ሆኑ። አሠሪዎቻቸውም እውነተኛ ስማቸው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሁሉንም ብሪጅት ይሏቸው ጀመር። ከፍ ያለች የሚለው ስም የገረድ መጠሪያና መሳለቂያ ሆነ። በዚህም አፍረው ስማቸውን የለወጡ ነበሩ። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቼ፣ በሌላ ስም መጠራት ምን ያህል እንደሚያም እናንተ ታውቃላችሁ።

ዳንኤልን አስቡ። በባቢሎን ብልጣሶር ብለው የጣዖት ስም ሰጡት፤ ልቡን ግን ሊለውጡት አልቻሉም። በክንክራኦስ ታገለግል የነበረችው ፌቤንም ስሟ የግሪክ ጣዖት ስም ነበረ። ጳውሎስ ግን ስምሽን ለውጪ አላላትም፤ እኅታችን ብሎ ለሮሜ ሰዎች አደራ ሰጣት እንጂ።

እንግዲህ ስም ሰውን አያድንም፤ አያረክስምም። ስምህን ያወጡልህ ሌሎች ናቸው፤ ሰው ሲጠራው ምን እንደሚያስታውስ የሚወስነው ግን የአንተ ሕይወት ነው። አንተን የሚያውቁ ድሆች ስምህን ሲሰሙ ምን ያስባሉ?

ጌታ ይባርካችሁ።